ከመነጽር ወደ ሌዘር፦ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዓይኑን ለሚያስተካክል ሰው ዝርዝር መመሪያ

መነጽር ካወለቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ቆሞ አያውቅም። የቢሮ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል፣ የሰፈር ልጆች ይጠይቁኛል። አንድ ማታ ከቀበሌ 14 ወደ ቤት የሚያደርሰኝ የባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ ትክ ብሎ አየኝና "አንተ ባለ መነጽሩ አይደለህም እንዴ?" አለኝ። በሬ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ። ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችው፤ ሰሌዳው አይታያትም። "በል አስረዳኝ" አለ። ግማሽ ሰዓት ቆመን አወራን።

ሁሉም የሚጠይቁኝ ሦስት ነገር ነው። ያማል ወይ? ስንት ብር ነው? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መልስ አላቸው፤ ግን ከሁሉም መጨረሻ መምጣት ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሌዘሩ በአንድ ዓይን ላይ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ነገሩን የሚወስነው ከዚያ በፊት ያለው የልኬት ቀንና ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ የምትፈልጉት የትኛውን ሌዘር ነው?

አክስቴ ስለ እኔ ስትሰማ "እኔንም በሌዘር ይሥሩልኝ" አለች። የእሷ ችግር የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። መድኃኒቱ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው፤ የመነጽር ሌዘር ሞራን አይነካውም። ስኳር ያለበት ሰው ሬቲናው ላይ፣ ማለትም ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ የሚሠራለት ሌዘር ሌላ ነው። የዓይንን ነርቭ ለሚጎዳው ለግላኮማ የሚሠራውም ሌላ ነው። "ሌዘር" ሁሉ አንድ እየመሰለ ብዙ ሰው ያለ ቦታው ተስፋ ያደርጋል።

የእኛን አካባቢ ደግሞ ለይቶ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የአማራ ክልል ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ትራኮማ የዐይን ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል፤ ፀጉሩ እየፋቀ የዓይኑን ፊት ያደበዝዛል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ እንባም ያደርቃል። በልጅነታችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ከነበረባችሁ ወይም ቤተሰብ ፀጉራችሁን በወረንጦ ይነቅልላችሁ ከነበረ ለሐኪሙ አትደብቁ። ያ ታሪክ ውሳኔውን ሊለውጠው ይችላል።

እኔ የማወራው መነጽር ስለሚያስወልቀው ነው።

ሌዘሩ በትክክል ምን ያደርጋል?

የዓይናችንን ጥቁር ክፍል ከፊት የሚሸፍን ጥርት ያለ ነገር አለ። ኮርኒያ ይባላል። የእጅ ሰዓት መስታወት አድርጋችሁ አስቡት። ጉብ ያለ ነው፣ መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይን ብርሃንን የሚሰበስብበት ኃይል በጠቅላላው 60 ዳዮፕተር ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 43 ያህሉ የኮርኒያ ነው። ዳዮፕተር መነጽራችሁ ላይ የምታውቁት ቁጥር ነው።

ሩቅ የማይታየው ሰው ዓይኑ ረዘም ያለ ነው፣ ወይም ኮርኒያው ከሚገባው በላይ ጎብጧል። ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ይሰበሰባል። ስለዚህ ሬቲና ላይ የሚያርፈው የደበዘዘ ምስል ነው። የመቀነስ ቁጥር ያለው መነጽር ያን ብርሃን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሌዘሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ መስታወት ከፊት ከመጨመር ይልቅ የኮርኒያውን መሐል በመጠኑ ጠፍጠፍ ማድረጉ ነው። ቅርብ ለማየት ለሚቸገርና የመደመር ቁጥር ላለው ሰው ደግሞ ዳር ዳሩን ይቀንሳል፣ መሐሉ ጉብ ይላል። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ኮርኒያው እንደ ኳስ ሳይሆን እንደ እንቁላል ጎን ነው፤ በአንድ በኩል ይበልጥ ይጎብጣል። እዚያ ላይ ሌዘሩ ከአንዱ አቅጣጫ አብልጦ ይወስዳል።

ሥራውን የሚሠራው ኤክሳይመር የሚባል ሌዘር ነው። በዓይን የማይታይ፣ የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖ ሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። የሚገርመኝ ነገር ይህ ብርሃን አያቃጥልም። የኮርኒያውን ሞለኪውሎች ያያያዘውን ማሰሪያ ይበጥሳል፣ ብናኙ ይተናል፣ አጠገቡ ያለው ሥጋ ግን ሙቀት አይደርሰውም። በአንድ ምት የሚያነሳው የማይክሮን ሩብ ያህል ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

ይህ የታወቀው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ በአይቢኤም ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ሽሪኒቫሳን፣ ዊን እና ብሉም፣ ይህን ሌዘር በሥጋና በአጥንት ላይ ሊሞክሩ አሰቡ። ሽሪኒቫሳን ከምስጋና በዓል ማዕድ የተረፈ የቱርክ ዶሮ ይዞ መጣ። ሌዘሩ አጥንትና ጅማቱን ዙሪያውን ሳያቃጥል ጥርት አድርጎ ቆረጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስቲቨን ትሮክል የተባለ የዓይን ሐኪም ለኮርኒያ እንደሚሆን ከሽሪኒቫሳን ጋር አሳየ። ከበዓል የተረፈ ሥጋ ለእኔ መነጽር ማውለቅ ምክንያት መሆኑን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ደረጃ አንድ፦ ራሳችሁን አስቀድማችሁ አጣሩ

ገንዘብ ከማጠራቀም በፊት ይህን እዩ። ዕድሜ ቢያንስ 18 መሆን አለበት፤ ብዙ ሐኪሞች 21 ቢሞላ ይመርጣሉ። ዋናው ግን ቁጥራችሁ መቆሙ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ከግማሽ ዳዮፕተር በላይ ከተለወጠ ዓይናችሁ ገና እያደገ ነው። ዛሬ ብታስተካክሉት ነገ ይሸሻል። ለባጃጁ ሹፌር የነገርኩትም ይህንን ነው፦ ለልጅህ አሁን የሚያስፈልጋት ጥሩ መነጽር ነው፤ የምርመራ ወረቀቷን ግን በየዓመቱ አስቀምጥላት።

እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ትቆይ። ሆርሞን ቁጥሩንም የእንባውንም መጠን ይለውጣል። ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለብጉር የሚወሰድ አይሶትሬቲኖይን የሚባል እንክብል፣ ከባድ የዓይን ድርቀት፣ እነዚህ ሁሉ መነገር አለባቸው።

ዓይናችሁን የማሸት ልማድ ካላችሁ ደግሞ ይህችን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡ። ኬራቶኮነስ የሚባል ሕመም አለ። ኮርኒያው እየሳሳ ሄዶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው፤ በአለርጂ ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ልጆች ደግሞ ያሻሉ። ኬራቶኮነስ ያለበትን ሰው በሌዘር መሥራት የሳሳውን ግድግዳ እንደገና መላጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ራሱ አያውቀውም። ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ፣ አስቲግማቲዝሙ የሚጨምር ሰው ሊጠረጥር ይገባል።

ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነ አንድ እውነት እወቁ። በዚያ ዕድሜ የቅርብ ጽሑፍ የሚደበዝዘው በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መተጣጠፍ ስለሚያቅተው ነው። ኮርኒያን ማስተካከል ያንን አይመልሰውም። ሩቁ ጠርቶላችሁ ለንባብ መነጽር ልታደርጉ ትችላላችሁ።

ደረጃ ሁለት፦ የልኬት ቀን

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። እኔ ልሳሳት የነበረው እዚህ ነውና።

ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ማውለቅ አለባችሁ። ለስላሳው ሌንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት። ሌንሱ ኮርኒያው ላይ እየተኛ ቅርጹን ይለውጠዋል። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አላወቅኩም። ሌንሴን እዚያው ወንበሩ ላይ አውልቄ ተለካሁ። የመቀነስ 4.50 አሉኝ። ቀን ሊቆረጥልኝ ነበር። አንዲት የዓይን ባለሙያ የሆነች የልጅነት ጓደኛዬ በስልክ "ሌንስ ካወለቅህ ስንት ቀን ሆነህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት አሮጌ መነጽሬን አድርጌ ሌላ ቦታ ተለካሁ። ቁጥሬ 4.00 ሆነ። በመጀመሪያው ቁጥር ተሠርቼ ቢሆን ዓይኔ ወደ መደመር አልፎ ቅርቡ ሊከብደኝ ይችል ነበር።

በዚያ ቀን እነዚህ ነገሮች መታየት አለባቸው። ቁጥራችሁ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ እንዲሁ አንዴ፣ ብሌኑን በሚከፍት ጠብታ ደግሞ አንዴ። ከጠብታው በኋላ ለሰዓታት ቅርብ አይታያችሁም፣ ፀሐይም ይከብዳችኋል። ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞተር ሳይክል ነድታችሁ አትምጡ። የኮርኒያችሁ ካርታ በቀለም ይነሳል፤ የፊቱም የኋላውም ገጽ። ኬራቶኮነስ የሚያዘው በዚህ ነው። ውፍረቱ በማይክሮን ይለካል። ብሌናችሁ በጨለማ ምን ያህል እንደሚከፈት ይታያል። እንባ የሚለካ ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዓይን ቆብ ይሰካል። በመጨረሻ ሬቲናው ይታያል፤ የመቀነስ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ሬቲናው ዳር ላይ ሊሳሳ ይችላልና።

የካርታ ምርመራ ሳያደርግ ቀን የሚቆርጥ ቦታ ካገኛችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ውጤቱን በወረቀት ጠይቁ። ከዚያ ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሌዘሩ የሚያርፍበትን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፣ ለሦስት አካፍሉት። ለአንድ ዳዮፕተር ስንት ማይክሮን እንደሚነሳ በግምት ታገኛላችሁ። ክቡ 6 ከሆነ 36 ለ3፣ ማለትም 12 ነው። ለእኔ 4 ዳዮፕተር 48 ማይክሮን ሆነ። ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። መሣሪያዎቹ እንደየዓይነታቸው ከዚህ ትንሽ ሊጨምሩ ይችላሉ። የእኔ ኮርኒያ 505 ማይክሮን ነበር። ከታች በምነግራችሁ በላሲክ ዘዴ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን የሚከፈት ቢሆን 110 ለክዳኑ፣ 48 ለሌዘሩ ተቀንሶ 347 ይቀራል። ከክዳኑ ሥር ሳይነካ የሚቀረው ከ250 ማነስ የለበትም፤ ጠንቃቃ ሐኪሞች 300 ይላሉ። ይህን ስሌት ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀመጥ ሰው ጥያቄው ሁሉ ይለወጣል።

ደረጃ ሦስት፦ የትኛው ዘዴ?

ሦስቱን ልንገራችሁ። ፒአርኬ የቀደመው ነው። የኮርኒያው የላይኛው ስስ ቆዳ ይነሳና ሌዘሩ እዚያው ላይ ይሠራል። ቆዳው በራሱ መልሶ ይበቅላል፤ እስኪበቅል አራት አምስት ቀን መከላከያ ሌንስ ይደረጋል። ሁለት ሦስት ቀን ያማል። አዎ፣ ያማል፤ አልደብቅም። ላሲክ ደግሞ ስስ ክዳን ከፍቶ ከሥሩ ሠርቶ ክዳኑን ይመልሳል። ሕመሙ የሰዓታት ነው፣ በማግስቱ ብዙ ሰው አጥርቶ ያያል። ክዳኑ ግን እንደ ቀድሞው ጥንካሬ አይያያዝም፤ ከዓመታት በኋላም ከባድ ምት ሊያነሳው ይችላል። ስማይል በትንሽ ቀዳዳ ከውስጥ ስስ ቁራጭ የሚያወጣ ነው፤ ክዳን የለውም።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ እጫወታለሁ። ክርን ፊት ላይ ያርፋል። ኮርኒያዬም ወፍራም የሚባል አይደለም። ሐኪሙና እኔ ፒአርኬ መረጥን። ለእናንተ ላሲክ ሊሻል ይችላል። የመጨረሻ ውጤታቸው በጣም ይቀራረባል፤ የሚለየው መንገዱ ነው።

ደረጃ አራት፦ ጉዞና ቀጠሮ

እኔ የተሠራሁት አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ዳር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ማደሪያ አስቡ። በማግስቱ ምርመራ አለ። ለፒአርኬ ሌንሱ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሳምንት ያህል እዚያው መቆየት ይሻላል። የሚያበስልላችሁና ጠብታ የሚያስታውሳችሁ ዘመድ ዘንድ እረፉ። ከዚያ በኋላ በወሩ፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ቀጠሮ አለ፤ አንዳንዱን ባሕር ዳር ባለ የዓይን ሐኪም ማድረግ እንደምትችሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወቅትም ምረጡ። ለጥምቀት ቅርብ አታድርጉት። ጥር 11 ቀን ውሃው ሲረጭ ማንም አይቀርም፤ እናንተ ግን ፊታችሁን ማስረጨት አትችሉም።

ዋጋ ስትጠይቁ "ስንት ነው?" ብቻ አትበሉ። ለሁለቱም ዓይን ነው? ጠብታውና ክትትሉ ውስጡ አለ? ቁጥሩ ትንሽ ቢቀር ድጋሚ ማስተካከያው ይከፈልበታል?

ደረጃ አምስት፦ ዕለቱ

ቁርስ ብሉ፤ ሙሉ ማደንዘዣ የለም። ሽቶ፣ ኩል፣ ክሬም፣ ፀጉር ላይ ቅቤ አይሁን። የሽቶ ትነት ሌዘሩን ሊያውክ ይችላል፤ ኩሉ ደግሞ ቁስሉ ውስጥ ይገባል።

አልጋ ላይ ትተኛላችሁ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረጋል። የዓይን ቆባችሁ እንዳይከደን መያዣ ይገባል፤ መጨፈን የማይቻል መሆኑ ለአፍታ ያስደነግጣል፣ ከዚያ ይለመዳል። በፒአርኬ ቆዳውን ያላላሉታል፣ ይጠርጉታል፣ ዓለም ሁሉ ይደበዝዛል። በላሲክ ክዳኑ ሲቆረጥ ዓይን ይጨመቃል፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይጨልማል። አትፍሩ፣ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ የምታዩት አንዲት ብልጭ የምትል መብራት ናት። እሷን ብቻ እዩ። ዓይናችሁ ትንሽ ቢንቀሳቀስ መሣሪያው ይከተላል፤ ብዙ ቢንቀሳቀስ ይቆማል። የማሽኑ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ይመጣል። እየተቃጠላችሁ አይደለም፤ የተነነው ብናኝ ነው።

እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ ሳልደርስ "ጨረስን" አሉኝ።

ደረጃ ስድስት፦ ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያው ሥራ መተኛት ነው። ማታ ማታ የዓይን ጋሻ አድርጉ፤ በእንቅልፍ የሚያሽ እጅ አይታወቅም። እኔ ሁለተኛው ቀን ከሁሉ የከፋ ነበር። እንባዬ ይወርዳል፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ይወጋኛል። አክስቴ መጋረጃውን በነጠላ ደርባ ሸፈነችልኝ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀለል አለኝ። አጥርቼ ለማየት ግን ሳምንታት ፈጀብኝ፤ በፒአርኬ ይህ የተለመደ ነው።

ጠብታ ስታደርጉ እጃችሁን ታጠቡ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ፣ አንድ ጠብታ፣ ጨፈን። በአንዱና በሌላው መሐል አምስት ደቂቃ። ፀረ ተሕዋስያኑ፣ እብጠት የሚቀንሰው ስቴሮይድና ሰው ሠራሽ እንባው የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። ስቴሮይዱን ሐኪሙ ካዘዘው ቀን በላይ ከፋርማሲ ራሳችሁ እየገዛችሁ አትቀጥሉ። የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ግላኮማ ያመጣል። የሚያደነዝዘውን ጠብታም ለቤት አትጠይቁ፤ ደጋግሞ ማድረጉ ኮርኒያን ያበላሻል።

ውሃ ከዓይን ይራቅ። ገላ መታጠብ ከአንገት በታች ይሁን፤ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት። ጣና ውስጥ መዋኘት ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ። በሐይቅም በቧንቧም ውሃ ውስጥ ዓይን የሚያጠቁ ረቂቅ ነፍሳት አሉ። ስለ ጸበል እናቴ ጠይቃኝ ነበር። ጠጣሁት፤ ፊቴ ላይ ግን እንዳይረጩኝ ለካህኑ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም በደስታ ተረዱኝ። የእንጀራ ምድጃ ጭስና የቡና እጣን ለሁለት ሳምንት ከሩቅ ይሁን። በባጃጅ ስትሄዱ አቧራውን የሚከላከል መነጽር አድርጉ።

ፀሐይን አትናቁ፣ በተለይ ፒአርኬ የተሠራችሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ ይበረታል፤ የሐይቁ ገጽ ደግሞ መልሶ ይወረውረዋል። ከፒአርኬ በኋላ ብዙ አልትራቫዮሌት ኮርኒያውን ጉም ሊያለብሰው ይችላል። እኔ ለስድስት ወር ጥቁር መነጽሬን ሳላደርግ ሐይቁ ዳር አልሄድኩም። ወደ ዘጌ በጀልባ የሄድኩትም ባርኔጣም መነጽርም አድርጌ ነው።

ለወራት ዓይን ይደርቃል። ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዙሪያው ቀለበት ይሠራል። እነዚህ በብዙዎች ላይ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ በጥቂቶች ላይ ግን ይቆያሉ፣ ይህን አውቆ መግባት ያስፈልጋል። በድንገት የሚጨምር ሕመም፣ የሚብስ መቅላት፣ መግል፣ የሚቀንስ እይታ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ የዓይን ክፍሉን ጠይቁ፣ የሠራችሁንም ሐኪም ደውሉለት።

አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከመሠራታችሁ በፊት የነበረውን ልኬት፣ ከተሠራችሁ በኋላ ካለው ጋር፣ በደንብ አስቀምጡ። ስታረጁ ሞራ ቢመጣባችሁ የሚተካላችሁ ሌንስ ቁጥር የሚሰላው ከኮርኒያ ልኬት ነው። በሌዘር የተነካ ኮርኒያ ስሌቱን ያሳስታል፤ የድሮው ወረቀት ያርመዋል። የእኔ ከዲግሪዬና ከልደት ካርዴ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ፎቶውን ለእህቴም ልኬላታለሁ።